ጸበል ሳይነካው የረጠበ ካሜራ

"አንተ ልጅ፣ ጸበል ውስጥ ነከርከው እንዴ?"

ይህን ያሉኝ የትምህርት ክፍላችን የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ባለፈው ጥር ለፎቶ ጋዜጠኝነት ኮርስ የተግባር ሥራ የጥምቀትን በዓል ላነሳ ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ደህና አድርጌ ፈርሜ የወሰድኩትን ካሜራ ሞቶ ነው ይዤው የተመለስኩት። እሳቸው ካሜራውን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት፤ የባትሪውን ክዳን ከፍተው አዩት፤ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝና ያንን ጥያቄ ጠየቁኝ። "ኧረ ጋሼ፣ አንዲት ጠብታ አልነካውም!" ብዬ ማልኩ። አላመኑኝም። አልፈርድባቸውም። ከጥምቀት የረጠበ ካሜራ ይዞ ተመልሶ "ጸበል አልነካውም" የሚልን ልጅ እኔም ብሆን አላምነውም። የክፍሌ ልጆችማ "ካሜራው ክርስትና ተነሳ አሉ፤ የክርስትና ስሙን ንገረን እንጂ" እያሉ ሳምንት ሙሉ ሳቁብኝ።

ነገሩ ሲጣራ ግን ሁለታችንም ልክ ነበርን። ጸበል አልነካውም፤ ውሃ ግን ገብቶበታል። ውሃው የመጣው ደግሞ ከአክስቴ ቤት አየር ውስጥ ነው። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት ነው። እግረ መንገዴንም "ካሜራ ስጡን እንጂ ሌላው አይቸግርም" ለምንል ለእኛ ለተማሪዎች፣ "ፈርመህ ወስደሃል፣ ክፈል" ለሚለው ለትምህርት ክፍላችንም አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ።

እስቲ ከመነሻው ልጀምር። የከተራ ዕለት ታቦታቱ ባሕረ ጥምቀቱ ዘንድ ሲያድሩ እኔም ከሕዝቡ ጋር አብሬ አደርኩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በጥር ሌሊት ብርዱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። እኔ ጋቢ ነበረኝ። ካሜራው ግን አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ሌሊቱን ሙሉ ብርዱን ሲጠጣ አደረ። ሲነጋ ካህናቱ ጸበሉን ሲረጩ ካሜራውን ፈጥኜ ጋቢዬ ውስጥ ወሸቅኩት። ስለ ውሃ የማውቀው ጥንቃቄ ይህችው ነበረች፤ እሷንም በሚገባ ተወጣሁ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታቦታቱ ወደየደብራቸው ለመመለስ እስኪነሱ ጥቂት ሰዓት አለ ብዬ ለቁርስ ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ። በሩን ስከፍት "ግባ እንጂ የኔ ልጅ፣ ውርጩ ጨረሰህ እኮ!" አለችኝ። ቤቱ የበዓል ቤት ነው። ወጡ ይንተከተካል፣ ጀበናው ከሰል ላይ ነው፣ ጓዳ ውስጥ እንጀራ ይጋገራል፣ ብርድ እንዳይገባ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሏል። ገና ከመግባቴ መነጽሬ በጉም ተሸፈነና ምንም አላይ አልኩ። መነጽሬን ጠራርጌ፣ ካሜራውን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ብዙም ሳይቆይ አካሉ በሙሉ ላብ በላብ ሆነ። ደነገጥኩ። በነጠላ ጫፍ ጠረግኩት፤ ተመልሶ ረጠበ። ደግሜ ጠረግኩት፤ ደግሞ ረጠበ። ሌንሱን ነቀልኩና ውስጡን አየሁ። አክስቴ "እሳት ይምታው እንጂ" ስትለኝ ደግሞ ወደ ከሰሉ አስጠጋሁት። በመጨረሻም "ምን ይሆናል" ብዬ አብርቼው የአክስቴን ልጆች ሁለት ሦስት ፎቶ አነሳኋቸው።

ታቦታቱ ሲነሱ በሩጫ ደረስኩ። ያነሳሁት ሁሉ ግን በወተት የተጋረደ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ካሜራው ጭራሽ አልበራ አለ። በብርድ ያደርኩለት ሥራ፣ ሕዝቡ በእልልታና በሆታ ታቦታቱን ሲሸኝ የሚያሳየው ዋናው ፎቶ፣ ዛሬም የለኝም።

መነጽሬን ጉም ሲሸፍነው ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። የሆነው እንዲህ ነው። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ላብ ያወጣል። ጠርሙሱ አላፈሰሰም፤ ውሃው የመጣው በዙሪያው ካለው አየር ነው። አየር ሁልጊዜ ዓይን የማያየው የውሃ ተን ይሸከማል። ሞቃት አየር ብዙ ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ አየር ግን ጥቂት ብቻ። ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ እሱም ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ሸክሙ ይከብደውና እዚያው ያራግፈዋል። ጠዋት ሣር ላይ የምናየው ጤዛ ይኸው ነው።

አየሩ ተኑን ማራገፍ የሚጀምርበት የሙቀት መጠን የጤዛ ነጥብ ይባላል። ለምሳሌ አንድ ቤት ውስጥ ሙቀቱ 22 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ደግሞ 70 በመቶ ቢሆን የጤዛ ነጥቡ 16 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ ከውጭ 5 ዲግሪ ሆኖ የገባ ካሜራ ራሱ 16 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ መርጠቡን አያቆምም ማለት ነው። በነጠላ ጫፍ ብጠርገው ባልጠርገው ለውጥ ያልነበረው ለዚህ ነው። የምጠርገው ውሃውን እንጂ ቅዝቃዜውን አልነበረም።

ጤዛው ከላይ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። ካሜራ ግን የታሸገ ጠርሙስ አይደለም። ሌንሱ ዙም ሲደረግ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ ያን ጊዜ እንደ ወናፍ አየር ይስባል። የሳበው እርጥብ አየር ውስጥ ገብቶ ቀዝቃዛ መስታወትና ቀዝቃዛ ብረት ያገኛል፤ እዚያም ጤዛ ይሆናል። እኔ ደግሞ ሌንሱን ነቅዬ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩለት። ከዚያ አልፌ አበራሁት። ውሃና ኤሌክትሪክ እንደማይስማሙ ለማወቅ ጋዜጠኝነት መማር አያስፈልግም። ከከሰሉ ዘንድ ያስጠጋሁትም ቢሆን አንዱን ጎን በአንድ ጊዜ ከማጋልና አመድ ከማስገባት በቀር የሠራው ደግ ነገር የለም።

አንዳንድ ጓደኞቼ "ይሄ የደብረ ብርሃን ችግር ነው፤ እኛ አዲስ አበባ ነው የምንሠራው" ይሉኛል። አይደለም ጓዶች። አገራችን ደጋና ቆላዋ ጎን ለጎን ናቸው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማበርን አቋርጦ፣ በጣልያን ጊዜ የተሠራውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ጠዋት በጋቢ ተጠቅልሎ የተሳፈረው ሰው እኩለ ቀን ሳይሆን ሸሚዙን ይፈታል። መኪናው ኮፈን ውስጥ ሲቀዘቅዝ የዋለው ካሜራ ግን ሸሚዝ የለውም። ቆላ ላይ ከች ብለን ቦርሳውን ቦግ አድርገን ከከፈትን ያው የአክስቴ ቤት ታሪክ ነው።

ብርድ የግድ የሰማይ ብርድ መሆንም የለበትም። ጋምቤላ በክረምት ሙቀቱ 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 75 በመቶ በሆነበት ቀን የጤዛ ነጥቡ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኤር ኮንዲሽነር ያለበት ክፍል ውስጥ በ20 ዲግሪ ያደረ ካሜራ ይዞ ወደ ውጭ የሚወጣ ጋዜጠኛ ሌንሱ ወዲያው ጉም ይለብስበታል። እንግዳው ወርዶ፣ ሰላምታ ተለዋውጦ፣ ሪባን ቆርጦ ሲያበቃ እሱ ገና ሌንስ ይጠርጋል።

ይህ ዛሬ የተገኘ ዕውቀትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ከካፒቴን ስኮት ጉዞ ጋር ወደ አንታርክቲካ የሄደው እንግሊዛዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኸርበርት ፖንቲንግ ካሜራዎቹን ወደ ሞቃቱ ጎጆ ማስገባት በጤዛ እንደሚያበላሻቸው ስለተረዳ ውጭ ብርዱ ላይ ይተዋቸው ነበር። እኔ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቼ እንኳ ይህን አላወቅኩም። በካሴት የሚሠሩት የቀድሞዎቹ ቪዲዮ ካሜራዎችም ውስጣቸው ጤዛ ሲይዝ ምልክት አሳይተው "አልሠራም" ብለው ይቆሙ ነበር፤ ቴፑ እርጥብ ብረት ላይ እንዳይጣበቅ ነው። የአሁኖቹ ዲጂታል ካሜራዎች ግን አብዛኞቹ ዝም ብለው ይበራሉ። ማሽኑ ማስጠንቀቁን ትቷል፤ ስለዚህ ሰውየው ማወቅ አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? መላው በጣም ቀላልና ርካሽ ነው። እንዲያውም ርካሽነቱ ነው የሚያናድደኝ። የሚያስፈልገው አንድ ዚፕ ያለው፣ ወፍራም፣ ደጋግሞ የሚያገለግል የፕላስቲክ ከረጢትና ትዕግሥት ነው። ወደ ሞቃት ቤት ከመግባታችን በፊት፣ ገና ውጭ ብርዱ ላይ ቆመን፣ ካሜራውን እናጠፋለን። ከረጢቱ ውስጥ እንከተዋለን፤ አየሩን ጨመቅ አድርገን አስወጥተን እንዘጋዋለን። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው አየር የውጭው ደረቅ ቀዝቃዛ አየር ነው፤ የሚያራግፈው ብዙ ተን የለውም። ቤት ስንገባ ጤዛው ከረጢቱ ላይ ያርፋል እንጂ ካሜራው ላይ አያርፍም። ከዚያ ከእሳትም ከፀሐይም ራቅ አድርገን አስቀምጠን ቡናችንን እንጠጣለን። እንደ ካሜራው ትልቅነት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል። ከረጢቱ ላይ ያለው እርጥበት ደርቆ፣ በእጅ ሲዳሰስም ካሜራው እንደ ቤቱ ዕቃ ሁሉ ሲሆን ያን ጊዜ ይከፈታል።

ወደ ብርድ ስንወጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ እሱ ግን ቀላል ነው። ባትሪ በብርድ ይደክማል። ሙሉ ነበር ያልነው ሳናስበው "አለቅኩ" ይለናል። ብዙዎቹ ካሜራዎችም የሚሠሩት ከ0 እስከ 40 ዲግሪ እንደሆነ መመሪያቸው ላይ ተጽፏል። መፍትሔው ትርፍ ባትሪን ካፖርት ወይም ጋቢ ውስጥ፣ ለሰውነት በቀረበ ኪስ ይዞ እያፈራረቁ መጠቀም ነው። በብርድ የደከመው ሲሞቅ ብዙውን ኃይሉን ያገኛል። ማያው ላይ አለመተንፈስም ይጠቅማል፤ ትንፋሻችንም ተን ነውና።

ሳያውቅ የረጠበበት ሰውስ? ወዲያው ያጥፋው። ባትሪውንና ሜሞሪ ካርዱን ያውጣ። ሌንሱን አይንቀል፣ ፀጉር ማድረቂያ አይንፋበት፣ ከሰል አያስጠጋ፣ "ይንፈስበት" ብሎም ወደ ብርዱ አይመልሰው። ደረቅ ቦታ ትቶት ይጠብቅ። በጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛትንና የምንጥላትን እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት ሰብስቦ ከካሜራው ጋር ማኖርም ደግ ነው። የረጠበ ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ጨለማ ቁም ሳጥን ከገባ ደግሞ ሌንሱ መስታወት ላይ ሻጋታ ይበቅላል፤ ያ ደግሞ መስታወቱን እስከ መብላት ይደርሳል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። ይህን ለክፍሌ ልጆች ስነግራቸው የመጀመሪያው መልስ "ዜና አይጠብቅም" የሚል ነው። እውነት ነው፣ አይጠብቅም። ነገር ግን እኔም አልጠበቅኩም፤ ዜናውን አገኘሁት ወይ? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ እንኳ አልለቀምኩም። ደግሞም ከረጢቱ ዜናውን አያስቀርም። ካሜራውን ከመክተታችን በፊት ሜሞሪ ካርዱን እዚያው ብርዱ ላይ አውጥተን ኪሳችን ብንከት፣ ካሜራው እየሞቀ እኛ ፎቶዎቹን ኮምፒዩተር ላይ ገልብጠን መምረጥና መላክ እንችላለን። ቶሎ ተመልሰን የምንወጣ ከሆነም ካሜራውን ጭራሽ ወደ ሞቃቱ ክፍል አለማስገባት ነው። እኔ በዚያ ጠዋት ካሜራዬን ቀዝቃዛው መጋዘን ውስጥ ቆልፌበት ቁርሴን በልቼ ብመለስ ኖሮ የታቦታቱን መመለስ አነሳ ነበር። ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ጥበብ የለውም።

ሁለተኛው መልስ "የአሁን ካሜራ ውሃ አያስገባም" የሚል ነው። ውሃ እንዳያስገቡ ተደርገው የተሠሩ ካሜራዎች አሉ። የተሠሩት ግን የዝናብ ጠብታና አቧራ ለመከላከል ነው። ተን ግን ጠብታ አይደለም፤ አየር በገባበት ሁሉ ይገባል። ሌንስ በነቀልን ቁጥር ደግሞ መከላከያውን ራሳችን አፈረስነው ማለት ነው።

ሦስተኛው የንብረት ክፍሉ ክርክር ነው፤ እሱን በአክብሮት ነው የምሰማው። ጋሼ እንዳሉኝ ካሜራዎቹ አራት ናቸው፣ ተማሪው ብዙ ነው፤ አንዱ ሲበላሽ አንድ ቡድን ያለ ሥራ ይቀመጣል። ትክክል ናቸው። እኔ ያበላሸሁት ካሜራ ጥገና ላይ በቆየበት ጊዜ ከእኔ ቀጥሎ ተራ የነበራቸው አምስት ልጆች የተግባር ሥራቸውን በሰው ስልክ ነው የጨረሱት። በእኔ ስህተት ነጥብ ያጡት እነሱ ናቸው፤ እስካሁን ሳገኛቸው ዓይናቸውን ማየት ያሳፍረኛል። የጥገናውን ግማሽ ክፈል ስባልም አልተከራከርኩም፤ ከኪስ ገንዘቤ እየቆረጥኩ ከፈልኩ።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የፈረምኩበት ቅጽ ላይ የካሜራው ቁጥር፣ የሌንሱ ቁጥር፣ የማንጠልጠያው ብዛት ሳይቀር ተጽፏል፤ "ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነኝ" የሚልም አለ። ጉዳት እንዴት እንደሚደርስ የሚል ግን አንድ መስመር የለም። ስለ ብርሃን፣ ስለ ቅንብር፣ ስለ ሌንስ ዓይነቶች ተምረናል፤ ፈተናም ተፈትነናል። ስለ ጤዛ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰማንም። ያልተማረውን ነገር ያጠፋ ተማሪ ሲከፍል፣ ያላስተማረው ክፍልስ ድርሻው ምንድን ነው? ክፍያውን አስቀሩልን ማለቴ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለቴ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ካሜራ ለማንም ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሰዓት ስለ አያያዙ ትምህርት ይሰጥ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከፍሪጅ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ግማሹን ትምህርት ያስረዳል። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ካሜራ ጋር ዚፕ ያለው ከረጢትና እርጥበት መጣጭ አብሮ ይሰጥ፤ ቅጹም ላይ እንደ ማንጠልጠያው ይቆጠር። ሦስተኛ፣ ካሜራ ሲመለስ ወዲያው ቁም ሳጥን ውስጥ አይቆለፍ። ከቦርሳው ወጥቶ፣ ታይቶ፣ ደርቆ ይግባ። አንድ ካሜራ ለማስጠገን እኔ ብቻዬን ያወጣሁት ገንዘብ ለአራቱም ካሜራዎች ከረጢት ገዝቶ ይተርፍ ነበር።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ የምለው አጭር ነው። ካሜራ ተሸክሞ መሮጥ ብቻ ጋዜጠኛ አያደርግም። ከብርድ ሲገባ በር ላይ ቆሞ፣ ሁለት ደቂቃ ወስዶ፣ ካሜራውን ከረጢት ውስጥ ከትቶ የሚገባ ልጅ ስታዩ አትሳቁበት። ከእሱ ቀጥሎ ተራው የእናንተ ሊሆን ይችላል።

እኔ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለመጪው ጥምቀትም ደብረ ብርሃን ነኝ። አክስቴ ቤት ቁርሱ አይቀርም፤ ካሜራው ግን መጋዘን ነው የሚቆየው። ጋሼ ካሜራ ከሰጡኝ ማለቴ ነው።

ቸር ይግጠመን!